ለአሮጌው ላፕቶፕ የሚሆን ጌም

ዘርይሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡን ከተጎዳ ሁለት ወር ሆነው። በስደት በሚኖርበት ሼፈርድስ ቡሽ ካለችው ክፍሉ አይወጣም፤ ከሰውም ጋር ብዙ አያወራም። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ምግብ ዝግጅት የምትሠራው ታናሽ እህቱ አልታየሽ፣ ዝምታው ቢያስጨንቃት አንድ ቀን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታለት መጣች።

«ይኸው፣ ጌም ተጫወትበት» አለችው።

አዲስ የወጣ የኳስ ጌም ሞከሩ። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ጋለ፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ስታክ አደረገ።

«ተይው አልቱ፤ እሱም እንደኔ አቅም የለውም።»

አልታየሽ ግን እልኸኛ ናት። ለአቅሙ የሚሆን ፍለጋ ገባች። ስንት ራም እንደሚፈልግ ቼክ ሳታደርግ አንዱንም አትነካም። የድሮ ጌሞችን እያስተካከለ የሚሸጥ ድረ ገጽም አገኘች። ከተማ የሚገነቡበት ጌም ያለ እንከን ሠራ፤ ዘርይሁን ግን ሰለቸው። የጦርነቱን ጨርሶ አልወደደውም። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ወደ ታች ስታወርድ አንዲት ቀይ መኪና አየችና እጇ ቆመ።

አገር ቤት ሳሉ ካዛንቺስ፣ ጓደኛቸው ኪዳኔ ያስተምርበት በነበረው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይጫወቷት የነበረችው መኪና ናት። ቅዳሜ ተማሪ ሲወጣ ኪዳኔ በሩን ገርበብ ያደርግና ሦስቱ አንድ ኪቦርድ ላይ ይሻማሉ፤ አልታየሽ መሪ፣ ዘርይሁን ነዳጅ፣ ኪዳኔ ፍሬን። ግድግዳ በመቱ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው፣ ባይጠፋ ኖሮ ስንተኛ እንወጣ ነበር እያሉ ይከራከራሉ።

ጌሙ ተከፈተ። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ዘርይሁን ከትራሱ ቀና አለ። ሁለት ዙር ነዱ፤ ሳቀም። ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

«ከምርጫው በኋላ ልጆች ሲታፈሱ ኪዳኔ ቤት ነበር የተደበቅኩት» አለ። «ከአገር ስወጣ አልነገርኩትም። ካወቀ መዘዙ ለሱ ይተርፋል ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ይኸው ሰባት ዓመት።»

«ስልኩ እኔ ጋ አለ» አለች አልታየሽ። «በየበዓሉ እንደዋወላለን። ስላንተ ሳይጠይቀኝ ቀርቶ አያውቅም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።»

«ስሙን ሳነሳ ፊትህ ይጠቁር ነበር፤ ፈራሁህ።»

በውጭ አገር መደወያ ካርዷ ደወለችና ስልኩን ሰጠችው። የኪዳኔ ድምፅ ትንሽ ጎርነን ብሏል እንጂ ያው ነው።

«ኪዳኔ፣ ሳልነግርህ የወጣሁት…»

«ጠዋት ፍራሽህን ባዶ ሳየው ተመስገን፣ አመለጠ ነው ያልኩት» አለ ኪዳኔ። «በመውጣትህ አልተቀየምኩህም። በዝምታህ ነው።»

ዘርይሁንን እንባው ቀደመው። አልታየሽ ወጥ ላሙቅ ብላ ወደ ማእድ ቤት ሄደችላቸው። የስልክ ካርዱ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ አወሩ።

በማግስቱ ስትመጣ፣ ዘርይሁን ጃኬቱን ለብሶ፣ የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ እያለ ሲወርድ አገኘችው። ሌላ ካርድ ሊገዛ ነበር።