ጨዋው ሃምሳ አለቃ

ከኬንያዋ ማርሳቢት የሚመጣው አስፋልት ሞያሌ ሊደርስ በተቃረበበት ዓመት ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ፈት ነበርኩ። በኬንያው በኩል ማማ ካልቱማ ቪዲዮ ቤት አላቸው። እዚያ የውጭ ፊልም ሲታይ አስተርጓሚው ማይክ ይዞ ከስክሪኑ አጠገብ ይቀመጥና በሁሉም ሰው አፍ ገብቶ በአማርኛ ያወራል። የቀድሞው አስተርጓሚ ናይሮቢ ሲገባ ቦታውን ጠየቅኳቸው።

«ሊበን፣ እሁድ ከሰዓት ሞክር። ሰው ጥሎ ካልወጣ ሥራው ያንተ ነው» አሉኝ።

ፊልሙ አስቂኝ ነው። ጦርነት ላይ ያለ አገር አንድ ቀጭን ልጅ መልምሎ ማሰልጠኛ ያስገባዋል። ልጁ ቀኝና ግራውን አይለይም፤ ቦት ጫማውም በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል። ሦስት ጊዜ አይቼ በደብተር ተረጎምኩት። ያላሰብኩት ተመልካቹን ነው። የፊተኛውን አግዳሚ የያዙት ደርግ ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው፣ ከዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ወጥተው እዚሁ የቀሩ የድሮ ወታደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ልብስ ሰፊ፣ ጥበቃ፣ መካኒክ ናቸው።

በስክሪኑ ላይ ሃምሳ አለቃው የምልምሉን አፍንጫ ሊነካ ተጠግቶ ያንባርቃል። እኔም «ልጄ፣ አቋቋምህ ልክ አይደለም፤ እባክህ አስተካክል» አልኩ።

«ይሄ ሃምሳ አለቃ ነው ወይስ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ?» አለ ከብት ነጋዴው ቦሩ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ዲንቁ ከፊት ሆነው «እኛ ስንሰለጥን እባክህ የምትባል ነገር በር ላይ ተፈትሻ ነበር የምትቀረው» አሉ።

ሁለት ሰዎች ወጡ። ማማ ካልቱማ በሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ሦስተኛው ሲነሳ ፊልሙን አቆምኩና ማይኩን ለጋሽ ዲንቁ ዘረጋሁ።

«እርስዎ ሃምሳ አለቃውን ይሁኑ፤ እኔ ምልምሉን።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተጠንቀቅ» አሉ።

የፊተኛው አግዳሚ ባንድ ጊዜ ብድግ አለ፤ እጅ ከጭን ተጣበቀ። ስክሪኑ ተሸፈነ። ማማ ካልቱማ «ቁጭ በሉ፣ ከኋላ ያለው ሰው አላየም» ቢሉ የሰማቸው የለም። ጋሽ ዲንቁ «ተቀመጥ» ሲሉ ነው የተቀመጡት። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩና መሳቅ ጀመሩ። የወጡት ሁለቱ ሳቁን ሰምተው ተመለሱ።

ደብተሬን ዘግቼ ፊልሙን አስቀጠልኩ።

«ጫማው የማን ነው?» አሉ ጋሽ ዲንቁ።

«የመንግሥት ነው፣ ጌታዬ።»

«አንተስ?»

«እኔም የመንግሥት ነኝ፣ ጌታዬ። እግሬ ብቻ የእናቴ ነው።»

ወደ መጨረሻው ምልምሉ ጭቃ ውስጥ ተደፋ። ሃምሳ አለቃው በላዩ ቆሞ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ አፉን ከፈተ። ሁሉም ስድቡን ጠበቀ። ጋሽ ዲንቁ ልጁን አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በቃ፣ ተነስ ልጄ። ሂድ ብላ፤ ሩጫው እንደሆነ አያልቅም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቦሩ በሽርጡ ጫፍ እንባውን ይጠርጋል።

ሰው ሲወጣ «እኔም መጀመሪያ ይህንኑ ነበር ያልኩት» ብዬ ለማማ ካልቱማ አቤት አልኩ።

«አንተ ገና ሳትቆጣ ነዋ የራራኸው» አሉኝ። «ማይኩን ዲንቁ ይያዙ። አንተን በምልምልነት ቀጥሬሃለሁ።»

ጋሽ ዲንቁ ከበሩ ዘወር አሉ። «ምልምል ሊበን፣ አግዳሚዎቹን አስተካክል።»

አስተካከልኩ።