ዝማሬ ዝም ስትል

አብርሆት ከዋጫ ስትነሣ ሆን ብላ ውሃ አልጠጣችም። ሻይም አልቀመሰችም። የሚኒባስ ሹፌር ለአንዲት ሴት ሽንት ብሎ መንገድ ዳር እንደማይቆም፣ ቢቆምም ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እንደሚያይ ታውቃለች። ቦንጋ እስክደርስ እችለዋለሁ ብላ ቁራሽ ዳቦ በደረቁ በልታ ተሳፈረች። የሦስት ወር ልጇን ዝማሬን ግን ደህና አድርጋ አጥብታታለች።

መንገዱ ለዝውውር ጉዳይ ነበር። እሷ ዋጫ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት፣ ባሏ ፍቃዱ ቦንጋ በመምህርነት ሁለት ዓመት ተለያይተው ኖረዋል። አሁን ማመልከቻዋ ተቀባይነት አግኝቶ የቀረው አንድ ፊርማ ነው። የሚፈርሙት ኃላፊ በስልክ፣ «ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረሺ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ስልጠና እወጣለሁ» ብለዋታል። የወሊድ ፈቃዷ ደግሞ ሰኞ ያልቃል።

ልጅቷን ለመንገድ ያዘጋጇት አማቷ እትዬ ብርቄ ናቸው። የሱፍ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ካልሲ፣ በዚያ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ። «ንፋስ እንዳያገኛት። የሰው ዓይንም አለ፤ ፊቷን አትግለጪው» አሏት። አብርሆትም እሺ ብላ ተቀበለች።

ሺሺንዳን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ ሚኒባሱ ቆመ። እንጨት የጫነ የጭነት መኪና ጠባቡ መንገድ ላይ አግድም ተገትሮ፣ ሰዎች ከሥሩ እየገቡ ይወጣሉ። መጋቢት ነው፤ ዝናቡ ገና አልጣለም። ፀሐይዋ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሰፍራ ውስጡ እንደ ምድጃ ጋለ። አንዱ መስኮት ሲከፍት ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ ዞረው፣ «ዝጋው! እኔን ንፋስ ያሳመመኝ ይበቃኛል» አሉ። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈዋል። አብርሆት በሆዷ አመሰገነቻቸው፤ ብርድ ልብሱንም ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

ዝማሬ መጀመሪያ ተነጫነጨች። ጡት ሲሰጧት ያዝ አድርጋ ትለቃለች፤ ታለቅሳለች፤ ፊቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አብርሆት እያላባት፣ እየወዘወዘች፣ በመሀሉ ስልኳን ታያለች። አምስት ተኩል። ስድስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት አልፎ ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ ዝም አለች።

«እፎይ፣ ተኛችልኝ» አለች አብርሆት።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ዞር አሉ። ዙሌካ ይባላሉ፤ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አምስት ልጆች አሳድገዋል። ይህን ሁሉ ከዋጫ ሲነሡ አጫውተዋታል።

«እንዲህ በአንዴ?» አሉ። «እስቲ ልያት።»

«ፊቷን እንዳልገልጠው ተብዬ ነው፤ እትዬ።»

ዙሌካ እጃቸውን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደድ አድርገው ወዲያው መለሱት። «ይቺ ልጅ እኮ እየተቀቀለች ነው! ዳይፐሯን መቼ ቀየርሽላት?»

«ጠዋት፣ ሳልነሣ።»

ዳይፐሩን ዳሰሱት። ጠዋት እንደታሰረ ደረቅ ነበር። አብርሆት ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ፊቷ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግማሹ ተከድኖ ግማሹ አልተከደነም። «ዝማሬ» ብላ ጠራቻት። ልጅቷ ዓይኗን እንኳ አላነሣችም።

እንዴት እንደወረደች ኋላ ስታስበው አታስታውሰውም። መንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር። ዙሌካ ኮፍያውን፣ ሹራቡን፣ ካልሲውን አውልቀው ጣሉ፤ የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ ነክረው አንገቷንና ብብቷን ቀስ አድርገው ያብሳሉ። አንዲት ተሳፋሪ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በክዳን ይዛ መጣች። «ጠብ አድርጊላት፤ ነፍሷ ይመለስ።»

አብርሆት ክዳኑን ልትቀበል የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ክትባት ያስከተበች ዕለት ነርሷ፣ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳትሰጫት፣ ብላት ነበር።

«ውሃውን ለእናትየዋ ስጡ!» አሉ ዙሌካ። «አንቺ ራስሽ መቼ ነው የጠጣሽው?»

«ትናንት ማታ።»

«ታዲያ ወተቱ ከየት ይምጣ?»

ለብ ያለውን ውሃ ትንፋሽ ሳትወስድ ጠጣችው። ሌላም አመጡላት። ጡቷን ጨምቃ አንድ ጠብታ በልጅቷ ከንፈር ላይ አኖረች። አልነካችውም። ሁለተኛውን በምላሷ ጫፍ ነካችው። በሦስተኛው አፏን ከፈተች፤ ያዘችም፤ ግን ስትስብ እንደ ደከመው ሰው ታርፋለች።

ያን ጊዜ የጭነት መኪናው ሞተር ጮኸና ወደ ዳር ተጎተተ። የሚኒባሱ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። «ግቡ! ስምንት ሰዓት ሳይሆን ቦንጋ ነን!»

አብርሆት ተነሣች። ስትነሣ ጡቱ ከልጅቷ አፍ አመለጠ። በሩ ድረስ ሄዳ አንድ እግሯን አስገባች፤ ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቷን መታት። ፊርማው። ሰኞ። ፍቃዱ የተከራየው ሰፋ ያለ ቤት። ዝማሬ በክንዷ ላይ ጭንቅላቷን ጣል አደረገች። አብርሆት እግሯን መለሰች።

«ሂዱ፤ እኔ እቀራለሁ።»

«ዕቃዬ ከላይ ተጭኖ ነው እንጂ አልተውሽም ነበር» አሉ ዙሌካ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ። «ቁልቁል ብትወርጂ ጤና ኬላ አለ። ሩቅ አይደለም።» የውሃ ጠርሙሳቸውን ሰጧት። ጋሽ ተድላ ቦርሳዋን በመስኮት አቀበሏትና፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን አስከተሉ። «ቦንጋ ስትመጪ ለዙሌካ ትሰጫታለሽ» አሉ ተቆጥተው፤ ማንን እንደተቆጡ ግን አልታወቀም።

ጤና ኬላው ተቆልፎ ነበር። አብርሆት በጃንጥላው ጥላ ሥር በረንዳውን ስትመላለስ፣ ስታንኳኳ፣ ስትጣራ ቆየች። በመጨረሻ ሄርሜላ የምትባል ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከምሳዋ እየሮጠች መጣች። ሙቀቷን ለካች፤ አናቷ ላይ እርግብግቢቷን ዳበሰች፤ አፏን ከፍታ አየች፤ ዳይፐሯንም ፈታ ጣለችው።

«እርግብግቢቷ አልጎደጎደም። በጊዜ ደርሰሽባታል» አለች። «ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፤ አንቺም ጠጪ። ካልጠባች ወይ ካልበረታች መኪና አስቁመን ወደ ሆስፒታል ነው። ልጅቷ ሽንት ሳትሸና ግን ከዚህ አትንቀሳቀሺም።»

ጠበቁ። አብርሆት ታጠባለች፣ ትጠጣለች፣ ታጠባለች። ኔትወርክ የማይዘውን ስልኳን አገላብጣ አግዳሚው ላይ ደፋችው፤ መልሳ አነሣችው። ስምንት ተኩል። «ጠንከር ብላ እየሳበች ነው አይደል?» ትላለች። «አዎ» ትላለች ሄርሜላ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠይቃለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ላይ አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል ለቢሮ ብላ የተኮሰችው ቀሚስ ድንገት ሞቀ፤ ከዚያም ራሰ። ዝማሬ ጭኗ ላይ እግሯን እያወራጨች ጮኸች። አብርሆት ከሳቅና ከለቅሶ የቱ እንደመጣባት ሳታውቅ ሄርሜላን ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

ቦንጋ መናኸሪያ ስትደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ፍቃዱ ወዲያ ወዲህ እያለ አገኛት።

«ደብዳቤውስ?»

«አልደረስኩም።»

ፊቱ ሲጠቁር አየችው። የሆነውን ነገረችው። ፍቃዱ ልጁን ተቀብሎ ግንባሯን ዳበሰ።

«አንድ ወር ነው እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ወር ነው» አለች።

ፊርማው የተገኘው ግን ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ፋሲካ አልፎ ነው። እስከዚያ ፍቃዱ በየዓርቡ ወደ ዋጫ ተመላለሰ፤ እሷም ሰኞ ሥራ ስትገባ ዝማሬን ይዛት ገባች። አለቃዋ ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ የአብርሆትን ፊት አዩና ተዉት።