ጥንዚዛ ያልነካው ጥድ

ኦሪን ፕሩዊት የጥድ ሙጫ እየቀቀለ ተርፐንታይን የሚባለውን ቀለም ማቅጠኛ ሲያወጣ አርባ ዓመት የኖረ፣ «አፍንጫዬ አይዋሽም» ባይ ሰው ነበር። የአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት የደቡቡን ተርፐንታይን ሲያስቀር፣ ይህ የካሮላይና ሰው ሙጫ መቀቀያ የመዳብ ጋኑን ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ተከለ። የሟች ሚስቱ ሻርፕ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ስድስት ዓመቱ ነው። «ሽታዋ አለበት» ብሎ አያሳጥብም።

ልጁ ዴልያ ደግሞ «ለምን?» ሳትል ውላ አታድርም። ያን ሰሞን አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሏታል። ጥንዚዛ ከተራራው ታች ያለውን ጥድ ሁሉ እየበላ ሲያደርቅ፣ ከላይ ያለውን፣ መልኩ ያው የሆነውን ጥድ ዞር ብሎ አላየውም። ዛሬ ደግሞ ከዚያ ከላይኛው የወረደ ሙጫ ጋኑ ውስጥ ተገልብጧል፤ እንጨቱም ከሥሩ ተደርድሯል።

«አባባ፣ ጥንዚዛው ምን አይቶ ነው የተጸየፈው?»

«መምህርሽ ጥንዚዛ ሆነና አረፈው! ጥድ ያው ጥድ ነው። ክብሪቱን አቀብዪኝ።»

«መጀመሪያ እስቲ ያሽትቱት።» ሙጫ የነካ እንጨት አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

ኦሪን በረጅሙ ሳበ። «ተርፐንታይን ነዋ! ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?»

ዴልያ ክው አለች። እንጨቱ የሚሸተው ገና ከምድጃ የወጣ ኬክ ነው። የአርባ ዓመት እንፋሎት የአባቷን አፍንጫ ገድሎታል፤ እሱም እያወቀ ደብቋታል።

ክብሪቱን ይዛ ሮጠች። ከሙጫው በርሜል የተረፈውን ቀጭን ሙጫ በጣሳ ቀድታ፣ ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ አኖረችና ክብሪት ጫረች። እሳቱ ጣሳው ጋ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ በስንዝር ርቀት ዘሎ ያዘና ቅንድቧን ላሰው።

ተርፐንታይን እንዲህ አይዘልም። ኬሚስቶች ኋላ መጥተው ሄፕቴን ያሉት፣ እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል ነገር ነበር፤ ጥንዚዛውም የሸሸው ይህንኑ ነው። ጋኑ ሥር እሳት ቢለኮስ ኖሮ ጋኑም ኦሪንም አይተርፉም ነበር።

ኦሪን ባልዲ አንስቶ የደረደረውን እንጨት በውሃ አራሰው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኬክ።»

«ኬክ!» ሳቅ አመለጠው። ቀጥሎ ግን ወደ ቤቱ በር እያየ፣ «የእናትሽ ሻርፕስ?» አላት። «አሁንም ይሸታል?»

አንጀቷን በላት። «አዎ» ልትል ነበር፤ የተቃጠለው ቅንድቧ ግን ገና ይለበልባታል።

«የለም አባባ። ከጠፋ ቆየ።»

ኦሪን ገብቶ ሻርፑን አወረደና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

«እንግዲያው ልበሺው፤ ብርድ ነው።»