በነጭ ቀለም የተሸፈኑ ስሞች

ማዳም ለስኮ የምትመጣው ሐሙስ ነበር፤ ወይን ለቃሚዎቹ ግን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከች አሉ።

ሊዞን በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። እናቷ ሲልቪያን ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስላ ቆማለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሊዮን ከተማ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ወይን አገሩን እየዞረ እንግዶቹን የሚያሳድርባቸውን ቤቶች ይመርጣል። መራጯ ማዳም ለስኮ ናት፤ ትመጣለች፣ ታያለች፣ ወይ ትወዳለች ወይ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ከወደደች ሊዞን፣ እናቷና አያቷ እዚሁ ይኖራሉ። ካልወደደች ቤቱም ማሳውም ይሸጥና ሦስቱም ሊዮን አክስቷ ዘንድ ይገባሉ። ለእናቷ እዚያ ሥራ ተገኝቶላታል። ሊዞን ሊዮን ከምትገባ ኮምጣጤ በጭልፋ ብትጠጣ ይሻላታል።

ስለዚህ ሲልቪያን ከገና ጀምሮ ከወይን መጭመቂያው በላይ ያሉትን ክፍሎች ስታሳምር ከረመች። መጋረጃ ቀየረች፤ በየጠረጴዛው የአበባ ማስቀመጫ ደረደረች፤ ያረጁትን የእንጨት አልጋዎች ነጭ ቀለም ቀባች።

ችግሩ አልጋዎቹ የእሷ አለመሆናቸው ነው። በዚያ ቤት ወግ ለቃሚ ከሆንክ አምና የተኛህበት አልጋ ዘንድሮም ያንተው ነው። የሚጠይቅ የለም፤ የሚፈቅድም የለም። የለቀማው መጨረሻ ቀን ሁሉም በለቀማ ቢላዋው ስሙን ራስጌው ላይ ይቀርጻል፤ ከዚያ በኋላ ያንን አልጋ ጳጳስም ቢመጣ አይነካውም። ሲልቪያን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለቃሚዎቹን መስከረም ላይ ኳስ ሜዳው ዳር በድንኳን ለማሳደር አስባ፣ «ሲደርስ እነግራቸዋለሁ» እያለች ቀኑን ስትገፋ ነበር። መጥፎ ወሬ መናገር ሞቷ ነው።

ዘንድሮ ግን ፀሐዩ አበደና ወይኑ በነሐሴ በሰለ። የሊዞን አያት ኦክታቭ እሁድ ዕለት አንዲት ፍሬ አኘኩ፤ ዘሯን መዳፋቸው ላይ ተፍተው አገላብጠው አዩ፤ ከዚያ ዳቦ ሊገዙ ሄደው ለዳቦ ጋጋሪው «ሐሙስ እንጀምራለን» አሉት። በቃ። ለቃሚዎቹ ቀኑን የሚጠይቁት ለካ ወደ ዳቦ ቤቱ ደውለው ነው። ሲልቪያን ይህን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። በገዛ ቤቷ!

እትዬ ጆሴት ከሁሉም ቀድመው ወደ ላይ ወጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ናቸው፤ ሊዞን ሳትወለድ ጀምሮ ይለቅማሉ፤ አሁን ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን እንደ ሕፃን አንድ አንድ ነው የሚወጡት። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነጩን ራስጌ በጣታቸው ዳበሱት።

«እዚህ ጋ ነበርኩ» አሉ።

ቅሬታ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሊዞን የአበባ ማስቀመጫ ታቅፋ ምድር ብትውጣት ተመኘች።

ታች ሲልቪያን አባቷን ኦክታቭን በሹክሹክታ ትለምናለች፤ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ሴትዮዋ አይታ እስክትሄድ። ሽማግሌው ግን፣ ለቃሚ ከአልጋው ተነስቶ የት ሊተኛ ነው፣ ከወይኑ ሥር ነው እንዴ ብለው ዳቧቸውን መቁረስ ቀጠሉ።

ሐሙስ ማዳም ለስኮ በሰዓቷ መጣች። አንደኛው ክፍል ውስጥ አዲሱ የመጋረጃ ዘንግ ላይ ካልሲ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ውስጥ ጠዋት ወገቡን የያዘው አንድ ወፍራም ሰውዬ በውስጥ ሱሪው ተጋድሟል፤ ቢሆንም በጣም ጨዋ ነው፣ ተኝቶም ቢሆን እጅ ነሳ። የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ የጥርስ ብሩሾች፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለ ቋሊማ። ሲልቪያን የራሷ ያልሆነ ሳቅ ትስቃለች። ሊዞን ከኋላ ሆና ሊዮንን በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ነው።

የእትዬ ጆሴት ክፍል ሲደርሱ ማዳም ለስኮ ቆመች። ነጩ ራስጌ ላይ አንድ ቦታ ቀለሙ በጥፍር ተፍቋል፤ አንድ ስም ብቻ አፍጥጦ ይታያል። ምንድን ነው አለች። እናትየው ስትንተባተብ ሊዞን ወጉን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ምላስ መቼ አጥታ ታውቃለች።

«ይህን ቤት እወስደዋለሁ» አለች ማዳም ለስኮ። «እንግዶቼ የሚፈልጉት ይህንን ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ፣ በለቀማ ሰሞን።»

«በለቀማ ሰሞን?» አለች ሲልቪያን።

«ሌላ ጊዜማ ማን ይመጣል?»

መልሱንም አሁኑኑ ትፈልጋለች፤ ጎረቤት መንደር የምታየው ሌላ ቤት አላት። መኪናዬ ዘንድ እጠብቃለሁ ብላ ወረደች።

ሲልቪያን በጥድፊያ ስትወርድ ኦክታቭ ወይን በጫነው ትራክተር ግቢ ገብተዋል፤ እትዬ ጆሴትም ዳሌያቸው አላስኬድ ብሏቸው አብረዋቸው ተሳፍረዋል። ሲልቪያን ለአባቷ ስትነግር አሮጊቷም ሰሙ። ኦክታቭ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ከዚያ የጠረጉትን እጅ እንደገና ጠረጉት።

«እሺ በላት እንጂ አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ ጆሴት። «ለእኛ መጋዘኑ ይበቃናል። ትራክተርህ እንደሆነ እንዳንተ አያንኮራፋም።»

ብለውም አልቀሩ፣ ቃላቸው የምር መሆኑን ሊያሳዩ ገና ከዛሬው ወጥተው ፍራሻቸውን እየጎተቱ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። ኦክታቭ እሳቸው መጋዘን ካደሩ እኔም መጋዘን ነኝ ብለው ያንን ፍራሽ ወደ ላይ ሊመልሱ ከታች ገፉ። ሲልቪያን በእሳቸውና በፍራሹ መሐል ገብታ የአባቷን ክንድ ያዘች። ደረጃው ጠባብ ነው። ፍራሹ ግድግዳና ግድግዳ ነክሶ ቀጥ አለ፤ መሐል ላይ ሊዞን።

«ያዢው!» ትላለች እናቷ።

«ልቀቂ አልኩሽ!» ይላሉ አያቷ።

«ተዉአት» አሉ እትዬ ጆሴት ከላይ። «እስቲ አንቺ ቀበጥ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከገና ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ወደ ታች ይሁን ብትል እኚህ ሴትዮ በዚያ ዳሌያቸው ሲሚንቶ ላይ ሊተኙ ነው። ወደ ላይ ብትል ቤቱ ሊሄድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ያ ለመምህራን፣ ለቄሱ፣ ለፖስተኛው ሁሉ መልስ የማያጣ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

ግቢው ውስጥ ሞተር ተነሳ።

ሲልቪያን ሮጣ ልትወጣ ዞረች፤ አባቷና ፍራሹ መውጫውን ዘግተዋል። ቆዪ የሚል ድምፅ አሰማች፤ ግን ማንም የማይሰማው ዓይነት ነበር። በደረጃው ትንሽ መስኮት የማዳም ለስኮ መኪና በወይኑ መሐል ቁልቁል ስትወርድ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት መንደር ስትታጠፍ አዩዋት። ፍራሹን የለቀቀ ግን የለም።

«እና ወዴት እንግፋው?» አሉ እትዬ ጆሴት ቀስ ብለው።

«ወደ ላይ» አሉ ኦክታቭ።

ገፉት። ሊዞን አንሶላውን አለበሰች። እትዬ ጆሴት ትራሱን አንድ ጊዜ መታ አድርገው ቢላዋቸውን አንስተው ወደ ማሳው ተመለሱ፤ ወይን ሰው አይጠብቅም።

ሲልቪያን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሊዞን አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሊዮንኮ ወንዝ አለ» አለች እናቷ፣ ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደሚያቀብል ሰው።

ሊዮን ያለው ሁለት ወንዝ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሊዞን ታርማት ነበር።

«አዎ» አለቻት።