ኦለረንሾ የሚለው ስም

"ደም ደም ነው" አሉ ሜቪስ፣ የሳንድዊቹን ሳህን ወደ ጂል እየገፉ። "የወንድሜ የዘር ሐረግ ጥቅልል ለክሊፍ ይሰጥ። እሱ ኦለረንሾ ነው፣ የሥጋ ዘመዳችን።"

ሲረል ኦለረንሾ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ነገ ይቀበራል። ጎረቤቶች ኬክ ይዘው ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ዝናቡን ያማሉ፣ ይሄዳሉ። ጂል የእንጀራ ልጁ ናት። ሠላሳ ዓመት የስሙን ምንጭ ፍለጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲዞር ፔርሙሱን ይዛ የተከተለችው እሷ ነበረች። ጥቅልሉን መነጠቅ እሱን ዳግም እንደ መነጠቅ ሆነባት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲረል ከአንድ አሮጌ የጥምቀት መዝገብ ላይ ቀና ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

"ጂል፣ ጉድ ፈላ! ስማችን የወጣበት የወንዝ ዳር ጫካ ባላባቶች ነን ስንል ኖረን፣ የአያቴ አያት ቶማስ ለካ የእንጀራ ልጅ ነው! እናቱ ኦለረንሾ የሚባል ጋሪ ነጂ ስታገባ አብሮ ገባ። ስሙን ያገኘው በደም ሳይሆን ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነው!"

"አልተናደድክም ሲረል?"

"ምን ያናድደኛል? እንዳንቺው ነዋ! ለሜቪስ ግን ትንፍሽ እንዳትይ። እህቴን ቀጥ አድርጎ ያቆማት ይሄ ስም ነው።"

አሁን አንዲት ቃል ብትተነፍስ ታሸንፋለች። ሜቪስን አየቻቸው፤ የሹራባቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል፣ አላወቁትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

"እሺ አክስቴ፣ ለክሊፍ ይሁን" አለች።

በማግስቱ ሬሳው ሊወጣ ሲል ሜቪስ ክው ብለው ቆሙ።

"ንቦቹ! ለንቦቹ ማን ነገራቸው?"

ሲረል በጓሮው ንብ ያነባ ነበር፤ በአገሩ እምነት ጌታቸው ሲሞት የቤት ሰው ቀፎውን በቤቱ ቁልፍ አንኳኩቶ ካላረዳቸው፣ አዲሱ ጌታቸውም ስሙን ካልነገራቸው፣ ንቦች ጥለው ይሄዳሉ።

ክሊፍ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ቢነድፉኝስ?"

"አንተማ ድሮም!" ሜቪስ የቤቱን ቁልፍ ለጂል አቀበሏት። "ሂጂ ልጄ፣ አንቺ ንገሪያቸው።"

"ማን ነኝ ልበላቸው?"

"ማን ትያለሽ! ጂል ኦለረንሾ ነኛ! ቶሎ በይ፣ ቄሱ ቆመዋል።"

ጂል እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች። በቁልፉ ሦስቴ አንኳኳች። የተሰጣትን ስም ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ግንባሯን ቀፎው ላይ አሳረፈች።

"አባዬ ሞቷል" አለቻቸው።