አንተ ባይዋ ጥንቸል

«እናትሽ ይሄን በምን ቋንቋ ነው የጻፈችው?» አሉኝ አባዬ።

እናቴን በቀበርን በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ሆስፒታል ሳለች ቤት ሲገቡ እንዲያነቡት ብላ ያስጨበጠቻቸውን ብጣሽ ወረቀት አንዴ ያቀርቡታል፣ አንዴ ያርቁታል። አየት አደረግሁ። የራሳችን ፊደል ነው፣ ክብ ክብ ያለው የእናቴ ጽሕፈት። ሌላ ነገር ሳላይ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ሐኪሟ ትንሽ ስትሮክ ነው አለች። ንግግራቸውን አልነካም፣ ማንበባቸውን ነው የወሰደው። «ሊመለስ ይችላል፤ ከ‹ሀ› ይጀምሩ» አለቻቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ከ«ሀ» ይጀምሩ ተባሉ! በመንገድ ላይ «እኔ ላንብብልዎት» ብላቸው፣ «የተጻፈው ለእኔ ነው» ብለው ዘጉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባዬ ሞኝም ወረቀትም ሆኑብኝ።

እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ፊደል የሚለዩት በታብሌት ጨዋታ ነው። አንዲት ጥንቸል ወንዝ ዳር ትቆማለች፤ ውሃው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ላይ ፊደላት ተጽፈዋል። የተጠራውን ፊደል ከነኩ ትዘልላለች፤ ከተሳሳቱ ውሃ ውስጥ ትወድቅና ጆሮዋን እያራገፈች ትወጣለች። የጥንቸሏ ድምፅ የኔ ነው። ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ በኮቶች ተከብቤ፣ ድምፄን አቅጥኜ ነው የቀዳሁት፤ አንዴ ለወንዶቹ «ዝለል፣ በርታ»፣ አንዴ ለሴቶቹ «ዝለይ፣ በርቺ»። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

አባዬ ግን የጌም ጠላት ናቸው። በዳይሬክተርነት ዘመናቸው ከተማሪ የቀሟቸው መጫወቻዎች ዛሬም ሳሎን ካለው ቁም ሳጥን አንድ መሳቢያ ሞልተው ተቀምጠዋል። እንደ ምንም ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት።

«አንተ ጎበዝ! ዝለል፣ በርታ!» አለች ጥንቸሏ።

አባዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማናት አንተ የምትለኝ?»

«ጥንቸሏ ናት፣ አባዬ።»

«ጥንቸል? እኔን? የማን ልጅ ናት ይቺ ያልተቀጣች!»

የእርስዎ ልጅ ናት ማለት አቃተኝ። ማታውኑ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተመልሼ ገባሁና ሦስተኛ ድምፅ ቀዳሁ፦ «ይዝለሉ። ይበርቱ። ይቅርታ፣ ትንሽ ተሳስተዋል።» ከችኮላዬ የተነሳ ለክፍሌም ጭኜው ኖሯል። በነጋታው የፊት ጥርሶቿ የወላለቁት ተማሪዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቲቸር! ጥንቸሏ እርስዎ አለችኝ!» ክፍሉ በሙሉ አንገቱን አቅንቶ ተቀመጠ። የእረፍት ደወል ሲደወል በሩ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» ሲባባሉ ማንም ሳይወጣ እረፍቱ ሊያልቅ ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። አባዬ በክብር እየተጠሩ አራተኛው ድንጋይ ላይ ቆመው ቀሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ፣ ታብሌቱን እንዳቀፉ፣ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ እያረፈች ያንቀላፋሉ። ሲነቁ ቀስ ብለው ያወሩኛል። ወንዙ ሳሎን ገብቷል ይሉኛል። የወንበሮቹ እግር ውሃ ውስጥ ነው፤ ፊደሎቹ ሥር ሥሩን ይዋኛሉ፤ ሊይዟቸው ሲሉ ያመልጣሉ። ማዶ፣ ቴሌቪዥኑ ባለበት በኩል፣ እናቴ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«ታወራለች» አሉኝ አንድ ቀን። «ውሃው ድምፅዋን ይወስደዋል እንጂ ታወራለች።»

እሳቸው መልሰው ሲያንቀላፉ ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን በእጄ ዳሰስሁት። ደረቅ ነው። ለምን እንደዳሰስሁት ግን እንጃ።

በማግሥቱ ጠሩኝ። «ያችን ባለጌዋን መልሺልኝ።»

«የቷን?»

«አንተ የምትለኝን።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በሃያ አንድ ዓመቴ አስተማሪ ሆንሁ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ አንቱ ነው የሚለኝ። አንተ የምትለኝ እናቴ ነበረች፣ ሞተች። እናትሽ ነበረች፣ ያውም በሩ ሲዘጋ። አሁን ማን ቀረኝ? ጥንቸሏ።» ወደ እኔ ተመለሱና «ድምፅሽን ስታቀጥኚው ደግሞ ቁርጥ እናትሽን ነሽ። ጥንቸሏ አንቺ መሆንሽን አላውቅም ብለሽ ነው?» አሉኝ።

አፈርሁ። እኔ ያከበርኋቸው መስሎኝ ብቻቸውን ነበር ያስቀረኋቸው። እናቴ እኛ ፊት «እሳቸው» ስትላቸው ነው ያደግሁት፤ ከተዘጋው በር ጀርባ አንድ «አንተ» የሚባል ሰው ይኖር እንደነበር አስቤውም አላውቅ። የድሮውን ድምፅ መለስሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ወንዙ መጉደል ጀመረ። በሕልማቸው መጀመሪያ እስከ ጉልበት፣ ቀጥሎ እስከ ቁርጭምጭሚት ሆነ። ጥንቸሏ በቀን መቶ ጊዜ «በርታ» ትላቸዋለች። «እሺ እሺ፣ አንቺ ደግሞ አትጨቅጭቂኝ» ይሏታል። ሲወድቁ ከሷ ጋር ጆሯቸውን ያራግፋሉ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ስንቱን ተማሪ ያሰለቹ ሰው፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ፣ እንቁላሉ እሳቸው ሆኑ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታብሌቱን ወደ ጎን አደረጉና ከደረት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ማጠፊያው ሳስቷል። ልወጣ ብነሳ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ጣታቸው የመጀመሪያው ፊደል ላይ አረፈ።

«አ... ን... ተ። አንተ!» ትንፋሽ ወሰዱ። «የ... ክረምት... ኮትህን... ላውንደሪ ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ... ይደርሳል። መውሰጃ ወረቀቱ... የመጫወቻዎቹ... መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ሐሙሱ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። አንዲት ቃል ቀርታለች። እሷን ፊደል በፊደል አልቆጠሯትም፤ በቁሟ ነው ያነሷት።

«በርታ።»

«ጎበዝ!» ብዬ ጮህሁ። «አነበብከው! አንተ፣ አነበብከው እኮ!»

አፌን በእጄ ያዝሁ። በአርባ ዓመቴ አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ እንደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ተኝታለች። አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ።

«ተነሽ» አለኝ፣ «ኮቴን እናምጣው።»