የማያድገው ሳር

ደብሪቱ ሰው አታምንም፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ የሚያምን ሞኝ ብቻ ነበር። ሥራዋ የሳር ወቅት መገመት ነው። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሳሩ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ ለግጦሽ እንደሚደርስ ትናገራለች፤ የመንግሥት ከብት ከበረት የሚወጣው በእሷ ቃል ነው። ለዚህም ከአሞራ ገደል አለፍ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሳሩን የምታይበት፣ ችካል ተክላ የከለለችው መደብ አላት። ቦታውን ራሷ መረጠችው፤ ለእግሯ ስለሚቀርባት።

የዚያ ዓመት በልግ ደህና ጣለ። በምሥራቅ በኩል ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሲለብስ የእሷ መደብ እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተላጭቶ ቀረ። «ገና ነው» አለች። ሰነበተችና አሁንም «ገና ነው» አለች። ከብቱ ሲከሳ ካድሬው ጓድ ሽበሺ አስጠራት።

«ጓድ ደብሪቱ፣ ዕውር እንኳ በዳበሳ የሚያውቀውን ልምላሜ አንቺ አጣሽው። ስሕተት ነው አሻጥር? ነገ ጧት መልስሽን ይዘሽ ነይ።»

አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ አገር ያውቃል። ደብሪቱም የምትጠረጥረውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም። ሳሩን የሚያጭድባት ግዛቸው ነው፤ ባልደረባዋ፣ ወንበሯን ሲመኝ የከረመው፣ ጥርሱ ሲስቅ ዓይኑ የማይስቀው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን ተከናንባ መደቡ አጠገብ ያለው ቄጠማ ውስጥ ተሸሸገች። ጥቂት ቆይቶ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ የሰው ሳል ተሰማ።

«ግዛቸው፣ ማጭድህን ጥለህ ውጣ።»

«የምን ማጭድ? ይልቅ ያንቺን አሳዪኝ። ስታጭጂ ልይዝሽ ነው የመጣሁት።»

«እኔ? የገዛ ሳሬን?»

ይኼኔ ችካሎቹ መሐል ያለው ጥቁር ቋጥኝ ተንቀሳቀሰ። ጉማሬ ነበር። የመጨረሻ ጉርሻውን ነጨና ሁለቱንም ከዝንብ ሳይቆጥር እየተንገዳገደ ወደ ውሃው ወረደ። ሲነጋጋ ከሐይቁ እስከ መደቡ የተረገጠ መንገድ ታያቸው። ለካስ ደብሪቱ የጉማሬ ገበታ ላይ ችካል ተክላ ኖሯል ወቅት የምትጠብቀው።

ግዛቸው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ።

«ምነው?» አለችው።

«ትናንት ለጓድ ሽበሺ ነግሬዋለሁ። ሆን ብላ ታጭዳለች ብዬ።»

«አየሁ ብለህ?»

አንዱን ችካል በጫማው ጫፍ ነካካ።

«አየሁ ብለህ ነው ወይ?»

«አየሁ ብዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ በእውነት ያየኸውን ትነግረዋለህ።»

«እነግረዋለሁ። እናቴ ትሙት።»

ወደ ከተማ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ግዛቸው እንደ ጨዋ ቆሞ ሊያሳልፋት ፈለገ።

«የለም፣ አንተ ቅደም» አለችው። ከጀርባው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ ቢሮው ተከተለችው። እንደ ገቡ በሩን ዘጋችና ተደገፈችው።

«ጓድ፣ መልሴ እሱ ዘንድ ነው ያለው።»

ሽበሺ ወደ ግዛቸው ዞረ። ግዛቸው በሩን አየ፤ እሷን አየ።

«ስለ አንድ ጉማሬ ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ።